አንድ ዓመት ዝም ያለ ሞገድ

አውቶቡሱ ሐረጎ አቀበት መሀል ላይ ቆሞ ሞገድ ጠየቀ። ሹፌር የለውም፤ መንገዱን የሚያየው ወደ አየር በሚልካቸውና በሚመለሱለት ምልክቶች ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከአየሩ ላይ አንዲት ስስ ቁራጭ ያስፈልገዋል። ከተሳፋሪዎቹ ቀና ያለ የለም። ከሉባባ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን መላጧን አላቋረጠችም። ከኋላ አንዱ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ቀድሞን ነው አለ፤ ሌላው ከኮምቦልቻ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎት መልሶ አሸለበ። ጥቂት ቆይቶ ቁራጩ ተሰጠ። አውቶቡሱ ጉም ወደዋጠው የደሴ ከፍታ መውጣቱን ቀጠለ።

ሰጪው ሚዛን ነው። ሚዛን የአገሪቱን የአየር ሞገድ የሚያከፋፍል አሳቢ ማሽን ነው። ከእሱ በፊት መንግሥት ሞገድን እንደ ቦታ እየሸነሸነ ለረጅም ዘመን ይሰጥ ነበር፤ የተሰጠው አጥሮ ይተኛበታል፣ ያልተሰጠው ደጅ ይጠናል። አዲሱ ሕግ ያንን አስቀረ። አሁን አብዛኛው ሰው ሞገድ አይዝም፣ ይዋሳል፤ አውቶቡስ ለአንድ አቀበት፣ የውሃ መለኪያ ለአንዲት ቃል፣ ሐኪም ለአንድ ቀዶ ሕክምና ያህል ተውሶ ይመልሳል። ከድሮ ባለፈቃዶች መካከል አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ካለ፣ ሚዛን "አለህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። በሞገዱ ላይ አንድ ድምፅ ማሰማት ይበቃል። ድምፅ ካልተሰማ ግን ሞገዱ ባዶ ተብሎ ወደ ጋራው ቋት ይገባል።

የሉባባ እንድሪስ ሥራ ያንን ባዶነት ማረጋገጥ ነበር። መዳፍ የምታክል "ጆሮ" የሚሏት መሣሪያ ይዛ ከከተማ ከተማ ትዞራለች፤ ዝም ያለውን ሞገድ ታዳምጣለች፣ በእርግጥ ማንም እንደሌለበት ትመሰክራለች። ሥራዋን ትወደው ነበር። ልጅ ሳለች ሐይቅ ከተማ ውስጥ እናቷ በምጥ ደም ሲፈስሳት፣ አባቷ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አምቡላንስ ይጠራ ነበር። መስመሩ ተጨናንቋል፣ እባክዎ ይጠብቁ፣ ይለዋል ስልኩ። አባቷ ጠበቀ፤ እናቷ ሞተች። ሉባባ አድጋ ሙያውን ስትማር፣ ያን ቀን ከተጨናነቀው መስመር ጎን ፈቃድ የወጣባቸው ሰፋፊ ሞገዶች አንድ ቃል ሳይተላለፍባቸው ተኝተው እንደነበር አወቀች። ሞገዶቹን ሕጉ አስተካከላቸው። አባቷን ግን ይቅር አላለችውም። ወጥቶ ጎረቤት መጥራት፣ ቃሬዛ ማሸከም ሲችል ለምን ቆሞ ጠበቀ? አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ጠየቀችው። እንድሪስ መልስ አልሰጣትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም፤ እሷም ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችው።

ወደ ደሴ ያመጣት ግን ባዶ ሞገድ አልነበረም። በተያዘ ሞገድ ውስጥ የሚገባ አንድ እንግዳ ነበር።

የሆስፒታሉን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትመራው ሲስተር አስካለ በር ላይ ተቀበለቻት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት ደረታቸው ላይ የልብ መቀነት ታስሮላቸዋል፤ ከሪባን የማትወፍር ጨርቅ ነች፣ እያንዳንዷን የልብ ምት በአየር ላይ ወደ ነርሶቹ የእጅ አምባር ታደርሳለች። ሽቦ ስለሌላት እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው እስከ ግቢው ፀሐይ ድረስ ይወጣሉ። ከሚዛን የተሰጣቸው ሞገድ ወፍራም ግድግዳ የሚያልፍ ጥሩ ሞገድ ነበር። ነገር ግን አልፎ አልፎ፣ ማንም በማይጠብቀው ሰዓት፣ አንድ ጩኸት ይገባበታል። ያን ጊዜ የነርሶቹ አምባሮች በሙሉ ይጨልማሉ።

አስካለ ድምጿን ሳትጨምር ነገረቻት። ባለፈው ጩኸቱ ሲገባ የአንዲት ሕፃን ልብ ቀጥ ብላ ነበር። አምባሩ አልነገራትም፤ ልብስ ልትቀይርላት ጎንበስ ብላ የከንፈሯን መጥቆር አይታ ነው የደረሰችላት።

"ሚዛንሽን ጠይቂልኝ" አለቻት። "ያን ዕለት የኔ እጅ እዚያ ባይሆን የማን እጅ ሊሆን ነበር?"

ሉባባ "ጆሮ" መሣሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ሚዛን እንግዳው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ጩኸቱ አጭር ስለሆነ ምንጩን ሳይዘው ይጠፋበታል። ሰው መጥቶ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነበረበት። መጠበቅ ደግሞ በዓለም ላይ ከሁሉ የምትጠላው ነገር ነው። ከክፍሉ ጥግ ወንበር ተሰጣትና ጆሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዋለች፤ በማግስቱም ዋለች። ሳምንቱ አለቀ፣ ሌላው ገባ። እናቶቹ ስሟን ለመዱት። በመጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ ጆሮዋ ተንቀጠቀጠች። መጀመሪያ ጥሩንባ ተሰማ፣ ረጅም፣ ሸካራ። ከዚያ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ቀስ ብሎ ስም ጠራ፣ ማረፉን ተናገረ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ተናገረ።

ሉባባ የወሎ ልጅ ናት። የሰማችውን ወዲያው አወቀችው። የቅሬ ጥሪ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት፣ አብሮ ለእዝን፣ ለለቅሶ የሚቀመጥበት የሰፈር ማኅበር ጥሪ።

የዚያን ዕለት ጆሮዋ የድምፁን አቅጣጫ ይዛ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወሰደቻት። የጭቃ አጥር ያለው አሮጌ ቤት ነው፤ ጣሪያው ላይ ከበሬ ቀንድ የማይበልጥ የማሰራጫ ዘንግ ተተክሏል። በሩን የከፈቱላት ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፤ ይመር ሙሄ፣ የቅሬው ጠሪ።

"ሬዲዮዬን ልትወስጂ ነው?" አሏት፣ ሰላምታዋን ሳትጨርስ።

"እንዴት አወቁ?"

"እጅሽ ላይ ያለው ነገር ከኔ ጥሩንባ በላይ ይንጫጫላ። ግቢ።"

ገባች። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የእንድሪስ፣ የሐይቁ፣ አለች። አባትሽ ደህና ነው? ደህና ነው፣ አለች፤ ሰው ሲጠየቅ እንደሚለው ከአፏ ወጣ። ደህና ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር።

ጋሽ ይመር ሳትጠይቃቸው ተረኩላት። ቅሬው ያንን ሞገድ በአሮጌው ሕግ ዘመን ነው ያገኘው። በየአባሉ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ከዚያ አንድ ሞገድ በቀር የምታውቀው የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ትተኛለች፣ ጥሩንባ ስትሰማ ብቻ ትነቃለች። ሰው ጎጆ ሲወጣ ሳጥን ይሰጠዋል። ከሰፈር ሲለቅም ይዞት ይሄዳል፤ የተራራው ነዋሪ ወደ ፎቆቹ ሲበተን፣ አንዳንዱም እስከ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሳጥኖቹ አብረው ወረዱ። ከዓመታት አንድ ዓመት መጣ፣ ከቅሬው አንድም ሰው ያልሞተበት። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። በሬ አርደው ሰደቃ አወጡ፣ ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኖቹም ለየታቦታቸው ስለት አስገቡ። የሚዛን ጥያቄ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አለህ?

"ተሰበሰብን" አሉ ጋሽ ይመር። "ከጎረምሶቹ አንዱ፣ አንዴ ንፋውና ይገላግለን አለኝ። የማንን ስም ልጥራ አልኩት። ጥሪ ያለ ስም የለም። ዳኛችን ፈንታውም፣ ይመር እውነቱን ነው አለ። ዝም አልን። ዝም ካልን ደህና ነን ማለት አይደል? ይገባዋል ብለን ነው።"

ሚዛን አልገባውም። ሞገዱ ባዶ ተብሎ ተወሰደ። ለሞት የሚሆን ሌላ መንገድ አለ ተባሉ፤ መርዶን ሚዛን ራሱ ለሟቹ ቅርብ ለሆኑት በስልክ ያደርሳል። ቅርብነትን የሚለካው ሰዎች ምን ያህል እንደተነጋገሩ እየቆጠረ ነው። ቀጥሎ የሞተችው እማማ ጦይባ ነበረች፤ ጥጥ ፈታይ፣ ብቸኛ ሴት። ከጥጧ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም። መርዶው ለጥቂት ሰው ብቻ ደረሰ። ጋሽ ይመር ከዚህ በኋላ ያለውን ሲናገሩ መሬት መሬት እያዩ ነበር። ቃሬዛዋን ከቤት ያነሷት ሰዎች ናቸው መቃብር ድረስ የተሸከሟት። መንገድ ላይ የሚቀባበላቸው አልነበረም። በዚያ ሰፈር እንዲህ ሆኖ የተቀበረ ሰው የለም። በማግስቱ ጋሽ ይመር ማሰራጫውን ከተቀመጠበት አውጥተው እንደገና መጥራት ጀመሩ።

ሉባባ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ሞገዱ አሁን ስለተሰጣቸው መቀነቶች ነገረቻቸው፤ አምባሮቹ እንደሚጨልሙ፣ ስለዚያች ሕፃን ከንፈር።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ማሰራጫው መለሱ።

"ሕፃናት ላይ ነው የጮህኩት?"

"አላወቁም ጋሽ ይመር።"

ተነሱና ገመዱን በእጃቸው ነቀሉት። ማሰራጫውን በነጠላ ጠቀለሉትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውላት ዞር አሉ። ሉባባ ማኅተሟን ለጠፈችበት። ሕጉ ወስዳው እንድትሄድ ያዛል። አልወሰደችውም፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ መለሰችው።

ከደሴም ወዲያው አልሄደችም። ሞገዱ ለቅሬው እንዲመለስ ለሚዛን ማመልከቻ አቀረበች። የሚዛን መልስ ጨዋና አጭር ነበር። ሞገዱ በሥራ ላይ የሚውል መሆኑን የሚያሳይ አንድ ሕጋዊ ጥሪ ያስፈልገዋል፤ ጥሪው ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግረው በሚመቻቸው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሉባባ ደስ ብሏት አቀበቱን ወጣች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር።

ጋሽ ይመር ሰምተዋት ሲያበቁ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ያን ሰሞን ሳሉ በርትቶባቸዋል።

"አንዱን ግደይልኝና ልጥራ" አሉ።

"ለሙከራ ነው። እልህ ይተዉ እንጂ።"

"እልህስ አይደለም ልጄ።" አጠገባቸው እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷት። "ጥሩንባው ሲነፋ ሳጥኗ ስር ያለች እናት ምን እንደምትሆን አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዱ ልጇ መንገድ ላይ ነው፣ ባሏ ሥራ ነው። ከጥሩንባው እስከ ስሙ ድረስ ያለችው ጊዜ፣ እሷ ዘመን ናት። እኔ እዚያች ውስጥ ሰው በከንቱ አላስገባም። ሞገዱ ቢቀር ይቀራል።"

ሉባባ ተናዳ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ከኋላዋ አብሽሪ፣ አይዞሽ ሲሏት ሰማች። አልዞረችም። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በዝናብ ሄደች፤ እዚያ ምንም ሥራ አልነበራትም፣ ግን የጥጉ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንዲት እናት ደረቅ ፎጣ ሰጠቻት።

ጋሽ ይመር የሞቱት ክረምቱ ሳይወጣ ነው።

ሊነግራት የመጣው የቅሬው ዳኛ ፈንታው ነበር፤ ወፍራም፣ ለወትሮው ተጫዋች ሰው። ረፋዱ ላይ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አገኛት። እንደ ልማዳቸው ቀብሩ ከአስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ማለፍ የለበትም አላት። ሚዛን መርዶውን ልኳል። ለማን እንደላከ ሉባባ ጠይቃ አወቀች፤ መድኃኒት ለሚሸጥላቸው ሰውና ለእህታቸው ልጅ። ጋሽ ይመር በስልክ የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። በሕይወታቸው ሰው የሰማውን ሁሉ የተናገሩት በዚያ ሞገድ ላይ ነው፤ ሞገዱ ደግሞ ባዶ ነበር ተብሏል።

"ቤት ለቤት ብንዞርስ?" አለች።

"የት ብለን? ግማሹ ከተማው ፎቅ ላይ ነው፣ ሌላው ኮምቦልቻ። ስንቱ ጋ ደርሼ አስርን እቀድማለሁ?" ፈንታው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሻሸው ነበር። "እሱ እኮ የሁላችንንም ሰው ጠርቷል። የኔን እናት ጠርቷል።"

ሉባባ ሚዛንን ጠራች። ማኅተሙን ከፍታ አንድ ጥሪ እንድታደርግ ጠየቀች። ሚዛን፣ ሞገዱ ላይ የሰው ሕይወት ስላለ አይቻልም አላት። ሕይወቱን የሚጠብቅ ሌላ ነገር ቢገኝስ? አለችው። ኃላፊዋ ነርስ ሕፃናቱ በሌላ መንገድ እንደሚጠበቁ ካረጋገጠች መቀነቶቹ ለጥሪው ያህል ሞገዱን ሊለቁ ይችላሉ፣ ግን በክፍሉ ሌላ መሣሪያ አልተመዘገበም አለ።

አስካለ አጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር። ወደ ክፍሉ ገባች። እናቶቹን ሰበሰበችና የሚሆነውን ነገረቻቸው፤ አንድ ሽማግሌ መሞቱን፣ ጠሪ እንደነበር፣ የሚጠራው እንዳጣ። ልጆቻቸውን አቅፈው ጆሯቸውን ሕፃናቱ ደረት ላይ እንዲያደርጉና ምቷን ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ለመነቻቸው። የማትፈልግ ካለች ይቀራል አለች። አንዲት ብቻ፣ በጣም ልጅ የሆነች፣ ምቷ ብትጠፋብኝስ ብላ ጠየቀች።

"እጅሽን አንሺ፣ እኔ እዚህ ነኝ" አለቻት አስካለ። ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

አስካለ ሕፃናቱን እናቶቹ እንደሚጠብቁ ለሚዛን አረጋገጠች፤ ፈንታው ወደ ተራራው ወጣ። ሉባባ ማኅተሙን ከሩቅ ፈታችለትና ክፍሉ ውስጥ ቀረች። እናቶቹ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ነርሶቹም እናታቸው አጠገባቸው ያልነበረችላቸውን ሕፃናት ተከፋፍለው ጎንበስ ብለዋል። በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ አንዲት ሕፃን ብቻዋን ቀረች። እናቷ በወሊድ ሞታለች። አባቷ በሩ ላይ ቆሟል፤ ገና አሁን ደርሶ ጠብቅ ተብሏል፤ በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል፣ እግሩ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ሉባባ ፊቱን አየችው። ያን ፊት ከዚህ በፊት አይታዋለች፣ ስልክ ጆሮው ላይ ሆኖ። የሰው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ሲቀር፣ ጠብቅ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲይዝ፣ ፊቱ እንዲህ ነው የሚሆነው። ያኔ ልጅ ነበረችና ማንበብ አልቻለችም።

መሣሪያዋን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሕፃኗ ደረት ላይ አደረገች።

አምባሮቹ ጨለሙ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከቆዳው ስር፣ ካሰበችው በላይ ፈጣን የሆነ ነገር ይሮጥ ነበር፣ ወፍ በጨርቅ ውስጥ እንደምትርገበገብ። ካስቀመጠችው መሣሪያ ጥሩንባው በቀጭኑ ተሰማት። ከጥሩንባው እስከ ስሙ ያለችው ጊዜ መጣች። ሉባባ ማን እንደሞተ ታውቃለች፤ ሆኖም ለአንዲት አፍታ የጠበቀችው የሌላ ሰው ስም ነበር፣ ሐይቅ ያለውን የአባቷን። ከዚያ የፈንታው ድምፅ መጣ።

"ቅሬ፣ ጠሪያችን ይመር ሙሄ አርፏል። ቀብሩ ከአስር በፊት ነው። ኑ።"

ኋላ እንደሰማችው፣ በሟቹ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረችውም ሳጥን ነቅታ ነበር። ጋሽ ይመር ጀናዛቸውን በሚያጥቡት ሰዎች እጅ ላይ ሳሉ ስማቸው ከግድግዳው ተጠራ። ውሃ ያፈስ የነበረው ሰው እንስራውን አስቀምጦ ተቀመጠ አሉ።

ሁሉም አልመጣም። ሳጥኑን የጣለ ነበር፣ ባትሪው የሞተበት ነበር፤ ፈንታው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ፊት እያየ የቀሩትን በልቡ ሲጠራ ታየ። ነገር ግን ከፎቆቹ ወረዱ፣ ከኮምቦልቻም ወጡ። የሥራ ልብሱን ያልቀየረ ነበር። አንዱ ሳጥኗን በብብቱ ይዞ ነው የመጣው፤ ሞታለች ብሎ ሊጥላት ነበር፣ አሁን ከእጁ ሊያስቀምጣት ፈራ። ሉባባ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ቃሬዛውን ስታይ፣ አንዱ ትከሻ ገና ሳይደክም ሌላው ይቀበለዋል። ቃሬዛው በሰዎቹ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። አቀበቱን እንዲህ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዛን ጠራት። የቅሬው ሞገድ በሥራ ላይ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ይመለሳል፤ ከጥሪው ዕለት ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይጸናል። በዓመቱ ውስጥ ጥሪ ከሌለ ጥያቄው እንደገና ይላካል።

ሉባባ የመጨረሻውን ቃል ደግሞ እንዲነግራት ጠየቀችው፤ ደገመላት።

"በየዓመቱ አንድ ሰው መሞት አለበት ማለት ነው" አለች።

"ያንን ሕጉ አይልም" አለ ሚዛን።

"አይልም። ግን ያ ነው።"

ሚዛን መስማት የሚችል ማሽን ነው፤ ለዚህ ነው የተሠራው። ያን ጠዋት አብረው አዲስ አሠራር ነደፉ። ቅሬው ዝም ባለ ጊዜ ሁሉ ሞገዱን መቀነቶቹ ይዋሱታል፤ ማንም እስካልሞተ ድረስ የሚተላለፍበት የጨቅላዎች ልብ ይሆናል፣ ባዶም አይባልም። ሰው ሲያርፍ ግን ሚዛን አስቀድሞ ለነርሶቹ ይነግራል፣ የሰው ጆሮ ወደ ሕፃናቱ ደረት ይቀርባል፣ መቀነቶቹ ይለቃሉ። ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን ረቂቅ ሲጨርሱ ሚዛን አንድ ጥያቄ ቀረው።

"በአገሪቱ ውስጥ ባዶ ብዬ የወሰድኳቸው ሌሎች ሞገዶች አሉ። ብዙዎቹን አንቺ መስክረሽባቸዋል። ባዶ የሆነውንና የሚጠብቀውን በምን ልለያቸው?"

ሉባባ በመስኮቱ ወደ ጦሳ አየች። ጉሙ ወርዶ ጣሪያዎቹን ሸፍኗቸዋል።

"ከሩቅ ሆነህ አትለያቸውም። ሄዶ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።"

"እኔ እግር የለኝም" አለ ሚዛን።

"አውቃለሁ" አለች። ስለ አባቷ፣ ስለ ሐይቁ እንድሪስ፣ ሚዛንን ልትጠይቀው ትችል ነበር። መርዶ ወጥቶበት እንደሆነ፣ ለማን እንደደረሰ፣ ለእሷ ለምን እንዳልደረሳት፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ይነግራታል። አልጠየቀችውም። መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ የሐይቅ አውቶቡስ ሐይቁ ዳር አወረዳት። መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። የግቢው አጥር ዘሟል፣ በሩ ግን ያው አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፣ ቀለሙ ቢረግፍም። ከውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ጭስ አይታይም። ሥራ ላይ ብትሆን ኖሮ ጥቂት አዳምጣ፣ ባዶ፣ ብላ መስክራ የምትሄድበት ዓይነት ዝምታ ነበር።

ሉባባ አንኳኳች።

መልስ አልመጣም። ግንባሯን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋች፤ ፀሐይ መትቶት ይሞቃል። ደግማ አላንኳኳችም። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዛት፣ ቆማ ጠበቀች።